የዘይነባ የመጨረሻ ፊደል

ባለፈው ሳምንት፣ ኮምቦልቻ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ ሃያት የምትባል ተማሪዬ ክፍሉ ከተበተነ በኋላ ላፕቶፗን ታቅፋ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ለአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት መዝገብ የሚሆን ዳታቤዝ እየሠራች ነበር። በእኛ አቆጣጠር እንዲሠራላት ብላ የራሷን የቀን ዓይነት ፈጥራለች፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚቀበል፣ ጳጉሜን የሚያውቅ። ስሙንም በእንግሊዝኛ «ዴት» ብላዋለች። ጳጉሜን አምስት የተወለደ ሕፃን ስትመዘግብ ግን ማሽኑ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ መለሰላት።

«መምህር፣ የፈጠርኩትን ዓይነት ተቀብሎኛል። ይኸው ይታየኛል። ታዲያ ለምንድነው የማይጠቀምበት?» አለችኝ።

አስረዳኋት። ዳታቤዝ አንድን ስም ሲሰጡት በተርታ የቆሙ ክፍሎችን እያንኳኳ ይፈልገዋል። መጀመሪያ የሚያንኳኳው ግን ሁልጊዜ የራሱን ጓዳ ነው፤ ጓዳው በተራው ዝርዝር ላይ ባይጻፍ እንኳ። «ዴት» የሚል ስም እዚያ ካገኘ የአንቺን ክፍል አያንኳኳም። ሁለት ተመሳሳይ ስሞች አሉ ብሎም አይነግርሽም። ያንቺን እንዲወስድ ከፈለግሽ ከስሙ በፊት የክፍሉን ስም ጨምረሽ ጥሪው፤ አለዚያ የእሱን ጓዳ ከአንቺ ኋላ እንዲያሰልፍ በግልጽ እዘዢው። አንዳንዶቹ ስሞችማ ከቋንቋው ሰዋስው ጋር አብረው የተሰፉ ስለሆኑ የተራ መቀያየርም አይነካቸውም። ከሁሉ የሚሻለው ማሽኑ የማያውቀውን ስም ማውጣት ነው አልኳት።

ስሙን ቀየረች፤ ሕፃኑ ተመዘገበ። ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ግን ከባዶው ክፍል ለመነሣት ጊዜ ወሰደብኝ። የሃያት ስህተት ቶሎ ጮኸ። የእኔው፣ ያኔ ሳዑዲ፣ ጂዛን ላይ፣ ድምፅ አልነበረውም።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደሴ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ሥራ ሳጣ ባሕሩን ተሻገርኩ፤ የመንን አቋርጬ ጡዋል በሚሉት ድንበር በኩል በእግሬ ሳዑዲ ገባሁ። ባይሽ አካባቢ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚሞላ ወንዝ ዳር ባለ እርሻ ላይ የውኃ ሞተር ጠባቂ ሆንኩ። አሠሪዬ፣ እዚያ እንደምንለው ከፊሌ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በፒካፕ ይመጣና ዱቄት፣ ቴምርና የታሸገ ዓሣ ጥሎልኝ ይሄዳል። በቀሩት ቀናት የማነጋግረው ሰው አልነበረኝም። አንዳንዴ የገዛ ድምፄን እንዳልረሳ ብዬ ሞተሩን በአማርኛ አወራዋለሁ። አልነሣም ሲለኝ እሰድበዋለሁ፤ ሲነሣ አመሰግነዋለሁ።

ወንዙ ዳር የሚዘሩት ማሽላ ነበር። አገዳው፣ ቅጠሉ፣ ነፋስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ የአገሬ ማሽላ ነው። ነፋሱ ብቻ እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፋል። አንድ ቀን እሸት ቀጥፌ በፍም ጠበስኩ። ጣዕሙም ያው ነበር። በስደት ዘመኔ ሆድ የባሰኝ ቀን ብዙ ነው፤ ያን እሸት የበላሁበትን ቀን የሚያህል ግን አላስታውስም።

በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌለው ሁሉ ይያዝ ተባለ። ከፊሌ አንድ ቀትር ላይ መጥቶ ዕቃዬን እንድሰበስብ ነገረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። አስፋልቱ ዳር አወረደኝና «ኸላስ፣ በቃ» ብሎኝ ዞረ። በእግሬ ትንሽ እንደሄድኩ ኬላው ላይ ሹርጣዎች፣ ማለትም ፖሊሶች፣ ያዙኝ። መሸሽም አልሞከርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የጫኑኝ መኪና ውስጥ ከኋላ ሆነው በወሎ አማርኛ የሚያወሩ ሰዎች ስሰማ ደስ አለኝ።

ጂዛን ያስገቡን ግቢ ተራችን ደርሶ በአውሮፕላን እስክንመለስ የምንቆይበት ነበር። ስልካችንን በር ላይ ተቀብለውናል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ወገን ነን፤ መካከላችን ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ግንብ አለ። የባሕሩ ወበቅ ቀኑን ሙሉ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ጠዋት ጠዋት ተሚስ የሚሉትን ሰፊ ቂጣ ከፉል ጋር ያድሉናል። አዳራሹ ውስጥ የወሎ፣ የትግራይ፣ የጅማ፣ የአርሲ ሰው ጎን ለጎን ይተኛል፤ በአንዱ ጥግ ይሰገዳል፣ በሌላው ጥግ ውዳሴ ማርያም ይደገማል።

ትልቁ ችግር የስም ጥሪ ነበር። ዝርዝሩ በዐረብኛ ፊደል ተጽፎ በዐረብ አፍ ሲነበብ ጫልቱ ሻልቱ ትሆናለች፣ ጸጋዬ ሰጋይ ይሆናል። ሰዎች የገዛ ስማቸው ሲጠራ ሳያውቁት በረራ ያልፋቸዋል። ዝርዝሩን የሚይዘው ኡስታዝ በሽር የሚባል ሱዳናዊ ሠራተኛ ነበር፤ ከሲታ፣ መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። አንድ ቀን አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ኮምፒውተር የሚያውቅ እንዳለ ጠየቀ። እጄን አወጣሁ።

አሮጌ ኮምፒውተርና ጠረጴዛ ሰጠኝ። ስማችን ከዐረብኛው ጎን በራሳችን ፊደል ይጻፍ፣ ከእኛው አንዱ ያንብበው አልኩት፤ ተስማማ። በነጻ የሚገኝ ዳታቤዝ ከኢንተርኔት አውርጄ ጫንኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተማርኩትን ነገር በእጄ መያዜ ነበር። ከሞተር ጠባቂነት ወጥቼ እንደገና ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በደንብ አሰብኩበት። በእኛ አገር አንድ መሐመድ ቢጠሩ መቶ መሐመድ ይነሣል። ስለዚህ የራሴን የስም ዓይነት ፈጠርኩ። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም፣ ከዚያም ወረዳ፣ አራቱም በተከታታይ ይጻፋሉ፤ አንዱ ከጎደለ አልቀበልም እንዲል ደንብ አበጀሁለት። ይህን ዓይነት «ኔም» አልኩት፤ በእንግሊዝኛ ስም ማለት ነው። ሌላ ምን ልበለው? በራሴ ስም ሞከርኩት፤ ኑሩ አሊ ይመር ተሁለደሬ። ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ አልሞከርኩም። ጎዶሎ ስም ሰጥቼ እምቢ ይለኝ እንደሆነ አላየሁም። ለምን አያለሁ? ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ወንዶቹን እየጠየቅኩ መዘገብኩ። ሴቶቹ ወረቀታቸውን እዚያው በእጃቸው ይሞላሉ፤ ኡስታዝ በሽር አምጥቶ ይሰጠኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ከጎኔ የሚተኛው ከድር የሚባል የወረባቦ ሰው ነበር። ከእኔ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይበልጠኛል። የመጣው ለሥራ አልነበረም። እህቱ ዘይነባ ከአራት ዓመት በፊት ለቤት ሠራተኛነት ወጥታ መጀመሪያ ላይ ትደውል ነበር፤ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ጂዛን አካባቢ ናት የሚል ወሬ ሲሰማ በረሃውን አቋርጦ መጣ። ዳማድ የሚባል ከተማ ላይ የሰው ፍየል እየጠበቀ፣ የእኛ ሴቶች ይሠሩበታል የተባለውን ቤት ሁሉ እየጠየቀ ሁለት ዓመት ኖረ። አላገኛትም። እናታቸው ታማ ነበር። ከድር ከቤት ሲወጣ ዘይነባን ሳልይዝ አልመለስም ብሎ ለእናቱ ቃል ገብቷል።

በዚያ ግቢ ሰዎች ዘመዳቸውን የሚፈልጉት በጩኸት ነበር። የውኃ ባልዲ ገልብጠው ይቆሙበትና በግንቡ ላይ ስም ይጣራሉ። ዘበኞቹ ሲሰሙ ግን የሁላችንንም በር ይዘጋሉ፤ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ወጥቶ መናፈስ የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጮኸውን ይቆጣል። ከድር አንድ ጠዋት ባልዲውን ይዞ ወደ ግንቡ ሲሄድ አየሁት። ሮጬ ደረስኩበትና ተው፣ ሰው ታስቆጣለህ፣ የሴቶቹ ወረቀት በሙሉ እኔ ጋ ነው፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት።

ሴቶቹ ብዙ ጊዜ አሠሪ ባወጣላቸው ስም ይመዘገቡ ስለነበር የመጀመሪያውን ስም ትቶ የአባትን፣ የአያትንና የወረዳን ስም የሚያመሳስል ፍለጋ አዘጋጅቼ ነበር። ከድርን አጠገቤ አቁሜ የእሱን ስም መረጥኩና ከሴቶቹ መካከል እንዲፈልግ ቁልፉን ነካሁ። ማሽኑ ጥቂት አሰበ። ባዶ መጣ።

«የለችም» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ፣ ብትኖር ያወጣት ነበር። እዚህ ግቢ ውስጥ የለችም።»

ዝርዝሩን በዓይኔ ብወርድበት ኖሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። አልወረድኩም። ከድር ባዶውን ስክሪን አየ። ከዚያ ወጥቶ ባልዲውን ከቧንቧው ሥር መለሰው።

በሳምንቱ ስሙ ለበረራ ተጠራ። ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ወደ ኋላ እንዳሸጋግረው ለመነኝ። ከዳማድም ከጡዋልም አዲስ የተያዙ ሴቶች በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ አንድ ቀን ከእነሱ ጋር ትመጣ ይሆናል ብሎ አስቧል። እናትህስ አልኩት። እናቴ የምትጠብቀው ሁለታችንን ነው አለኝ። ስሙን ወደ መጨረሻ ወሰድኩት። ጓደኛዬን የረዳሁ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ፣ ከጎኔ ያለው ምንጣፍ ባዶ እንዳይሆንብኝም ፈልጌ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከድር አዲስ ሴቶች የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣል። ወረቀታቸውን እስክጽፍ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። እነካለሁ፤ ባዶ ነው። አንድም ቀን አላማረረም። «እሺ፣ አላህ ያውቃል» ብሎ ይሄዳል።

ሁለት ሳምንት አልፎ አንድ የአላማጣ ሰው ወረቀት ስጽፍ «ተስፋዬ» ብዬ ከጀመርኩ በኋላ ኡስታዝ በሽር ጠራኝና በስህተት የማስገቢያውን ቁልፍ ነካሁ። ማሽኑ ተቀበለ። አባት የለ፣ አያት የለ፣ ወረዳ የለ፤ ተስፋዬ ብቻ። እምቢ ማለት ነበረበት። ደንቡን አየሁት፤ በቦታው አለ። እንደገና ሌላ ጎዶሎ ስም ሰጠሁት፤ ተቀበለ።

ያን ቀን ከሰዓት መመሪያውን ሳነብ ዋልኩ። ለሃያት የነገርኳትን ነገር የተማርኩት እዚያ ነው። ማሽኑ ገና ሲፈጠር ጀምሮ ለራሱ የውስጥ ሥራ የሚጠቀምበት «ኔም» የሚባል ዓይነት ነበረው። እኔ ሠንጠረዡን ስሠራ «ኔም» ብዬ ስጠራ የመጣልኝ የእሱ ነው። የእኔው፣ ከነደንቡ፣ ጀርባው ላይ ማንም ሳይጠራው ቆሞ ነበር። የማሽኑ «ኔም» ደግሞ ጠባብ ነው፤ የሚይዘው ስድሳ ሦስት ቦታ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ቦታ ይበቃዋል፤ የእኛ ፊደል አንዱ ሦስት ቦታ ይወስዳል፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም አንድ። ከሞላ በኋላ የተረፈውን ሳይናገር ቆርጦ ይጥላል።

ለዓይነቱ ሌላ ስም አውጥቼ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ሠራሁ። ደንቡን በጎዶሎ ስም ሞከርኩት፤ አሁን እምቢ አለ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሁሉ አወጣሁና የወንዶቹንም የሴቶቹንም ስም ከመጀመሪያው መጻፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሴቶቹ ክምር መካከል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ በጥንቃቄ የተጻፈ ወረቀት እጄ ገባ። ዘይነባ አብዱረህማን መሐመድኑር ወረባቦ።

በአሮጌው ሠንጠረዥ ውስጥ ፈለግኳት። እኔው ራሴ ጽፌያታለሁ። ዘይነባ አብዱረህማን መሐመድኑር ወረባ። የመጨረሻዋ «ቦ» የለችም። ከድር ሦስት ፊደል ነው፣ ዘይነባ አራት። የእሱ ሙሉ ስም ስድሳ ሦስቱን ቦታ ልክ ሞልቶ ተቀመጠ፤ የእሷ በአንድ ፊደል በለጠና ተቆረጠ። ማሽኑ ደግሞ ወረባቦና ወረባ አንድ አይደሉም አለ። ከስሟ ፊት ለፊት የተሳፈረችበት ቀን ተጽፏል። የለችም ብዬ ከማልኩበት ቀን በኋላ ሦስት ቀን ከግንቡ ወዲያ ነበረች።

ለከድር መናገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ላለመናገር ግን ሰበብ ስፈልግ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀሁ። ደህና ገብታለች፣ ሲመለስ ያገኛታል፣ ምን አስጨነቀኝ እያልኩ። ያን ቀን አዲስ ሴቶች የጫነ መኪና መጣ። ከድር እንደ ልማዱ መጥቶ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

በነጋታው ቂጣ ለመቀበል ስንሰለፍ ነገርኩት። አንድም ነገር አላስቀረሁም። ስለ ፊደሉም፣ ስለ ቦታውም አስረዳሁት። ቂጣውን ይዞ አዳመጠኝ። ጨረስኩ። የገባው ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም።

«ልጠራት ነበር እኮ» አለኝ በለሆሳስ። «ባልዲውን ይዤ ነበር።»

የዚያኑ ዕለት ምንጣፉን ጠቅልሎ አዳራሹ ማዶ ሄደ። ስሙን ወደ ላይ አወጣሁትና በሚቀጥለው በረራ ተጠራ። እስከዚያ ድረስ ባሉት ቀናት በአጠገቤ ሲያልፍ ሰላምታዬን ይመልሳል፤ ሰላምታ መከልከል አያውቅበትም። ከዚያ የሚያልፍ ቃል ግን አልሰጠኝም።

እኔ ዝርዝሩን የምይዝ ስለነበርኩ ብዙ ቆየሁ። ሰዉ እየተጠራ አለቀ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን የእርምጃዬ ድምፅ ከግድግዳው ይመለስ ጀመር። ረመዳን ሲገባ ከኡስታዝ በሽር ጋር ለሁለት በቴምር አፈጠርን። ስለ ልጆቹ ያወራኛል፤ እኔ የማወራው አልነበረኝም። ምን ሆነሃል ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሙቀቱ ነው አልኩት። በመጨረሻ የገዛ ስሜን በዝርዝሩ ላይ ጻፍኩና ወጣሁ።

ኮምቦልቻ መናኸሪያ ደርሼ ስወርድ አዳራሹ ውስጥ አብሮን የነበረ የወረባቦ ሰው አገኘሁ። ስለ ከድር ጠየቅኩት። በሰላም ገብቷል አለኝ፤ ግን እናቱን አልደረሰባትም። የተቀበረችው እሱ ከመግባቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ነው። ዓይኗን የከደነቻት ዘይነባ ናት። ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኳቸው። በመጀመሪያ ጥሪው ሄዶ ቢሆን ኖሮ እናቱ ጋ በሕይወቷ ይደርስ ነበር።

ከኮምቦልቻ የወረባቦ ከተማ ቢስቲማ፣ የከድር አገር፣ ሩቅ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ግን ሩቅ አድርጌው ኖርኩ። ተማሪዎቼ ፈልገው ሲያጡ «የለም» ካሉኝ «አላገኘሁም በሉ» እያልኩ አርማቸዋለሁ፤ የቋንቋ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። ሃያት ከጠየቀችኝ በኋላ ግን ሌሊቱንም ቀኑንም ዕረፍት አጣሁ። ቅዳሜ ተነሥቼ ሄድኩ።

የገበያ ቀን ነበር። ሰው ጠይቄ የማሾ ነጋዴዎች ተራ ውስጥ አገኘሁት። ጢሙ ሸብቷል። ገና ሲያየኝ አወቀኝ፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ በወሎ ወግ ትከሻዬን እየሳመ ጤናዬን፣ ቤቴን፣ ልጆቼን፣ ከብቱን ሁሉ ጠየቀ። ለጥያቄው ሁሉ አልሐምዱሊላህ እያልኩ መለስኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከጎኑ ማሾ የምትሰፍር ሴት ቀና ብላ አየችን።

«ኑሩ ነው» አላት። «ጂዛን አብረን ነበርን።»

ዘይነባ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችኝ። እሷም እዚያው ግቢ፣ ሴቶቹ ዘንድ እንደነበረች ነገረችኝ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ግንብ ተከልለን ሳንተያይ ቀረን፣ ሳስበው አሁንም ይገርመኛል አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «ለመሆኑ ስሜን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፍቶ ነው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከድር ቀደመኝ።

«ግቢው ሰፊ ነበር» አላት።

ግቢው ሰፊ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር በሁለት መቶ እርምጃ ያልቃል። ከድር ግን ወደ እኔ ሳይመለከት ጆንያውን ማሰር ቀጠለ። ዘይነባም አንገቷን ነቅንቃ ወደ ደንበኛዋ ዞረች። ምሳ ብላ አሉኝ፤ በላሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሾው አወራን። ስሸኝ ከድር እስከ ሚኒባሱ ድረስ መጣ። እጄን አጥብቆ ያዘኝና ለቀቀኝ። ይቅር አልኩህ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

መስኮቱ ዳር ተቀምጬ ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። ከድር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ለእህቱም፣ ለጎረቤቱም፣ ለልቅሶ ደራሹም ሲያወራ የኖረው እኔን ከውስጡ አውጥቶ ነው። ለእኔ አዝኖ ይሁን፣ ወይም እህቱ የዚያን ግንብ ሌላኛ ወገን እያሰበች እንዳትቃጠል ብሎ፣ አላውቅም። ብቻ የሆነውን የምናውቅ ሁለት ነን፤ እሱ አይናገርም፣ እኔም ከእንግዲህ ለእሷ ለመናገር መብት የለኝም። እንዲህ ያለ ምሕረት ሰውን ለብቻው እንደሚያስቀር እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ አልተረዳሁም ነበር።